ከዝናብ የተረፈው ሲሚንቶ

ማኅደር የግቢውን የቆርቆሮ በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ፣ በአንድ እጇ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ፣ በሌላው የሻይ ፔርሙስ ይዛ ነበር። ባንታምላክ ከግድግዳው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ከራስጌው የእንጨት መሰላል ጣሪያው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«አያ ባንታም፣ ምነው ጭቃ ላይ?» አለች።

ጠጋ ስትል በተከፈተው ዓይኑ ላይ ዝንብ ሲሄድ አየች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለማንም ልትናገር አልፈለገችም። በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገብታ ከአልጋው ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ፈለገች። ሳጥኑ ወለሉ ላይ ተገልብጦ፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ጋቢ ተበትነው አገኘች። የግቢው ወረቀት የለም። ያን ጊዜ ነው ጮኻ የወጣችው።

ስልክ መደወል የሚታሰብ አልነበረም። ከማክሰኞ ጀምሮ የሱዳኗ ገዳሪፍና በዙሪያዋ ኔትዎርክ ጠፍቶ፣ ሰው ዘመዱን በእግሩ የሚፈልግበት ሳምንት ነበር። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች፤ ከዚያ ወደ ሰሊጥ ገበያ ታጥፋ አየነውን ጠራችው።

አየነው አገር ቤት፣ ገንዳ ውሃ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር። አሁን ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ይመዝናል። ሐበሻ ያለበት ጉዳይ ሲገጥማቸው ፖሊሶቹ ለማስተርጎም ይጠሩታል፤ ብዙውን ጊዜ ከማስተርጎም አልፎ ይሄዳል፤ እነሱም ለምደውታል።

ወደ ግቢው ሲደርሱ መኮንኑ ረድዋን ደብተሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ በዐረብኛ። «ትናንት ዝናብ ጣለ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሰውዬው ሊጠግን ወጣ፣ አዳለጠው። በዚህ ሙቀት ደግሞ ሬሳው አይቆይም። ከጁምዓ ሶላት በፊት ፈርሜ አስረክባችኋለሁ።»

«ፈርም፣ ጀናቡ» አለ አየነው፤ ሱዳኖች መኮንንን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ብቻ ሲነሣ ልይ።»

ማኅደር ከበሩ አጠገብ ቆማ ተመለከተች። ይህ ግቢ ስድስት ዓመት ሻይ የሸጠችበት ገንዘብ ነው። ባንታምላክ ሀዋታ ላይ አሥራ አንድ ክረምት ሰሊጥ አጭዶ፣ ራክሻ በሚሏት ባጃጅ ሳይሳፈር፣ ከፉልና ከዳቦ ሳያልፍ ያጠራቀመውን አመጣ፤ እሷና ሦስተኛው ሸሪካቸው ይልቃል የየድርሻቸውን ጨመሩ፤ በሚያዝያ ሁለት ክፍል ያለው ሰፊ ግቢ ገዙ። ከጦርነቱ የሸሸው ሰው ከኻርቱም እየጎረፈ የአንድ ክፍል ኪራይ እጥፍ የሆነበት ጊዜ ነው። ይልቃል ወዲያው እናከራይ ሲል ባንታምላክ እንቢ አለ። መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን፣ ሦስተኛ ክፍል ይሠራ፤ የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ደግሞ አይበላም፣ ለሚቀጥለው ቤት ይቀመጣል። «ከቤቱ የምንበላው ቤቱ ሲጠግብ ነው» ይል ነበር።

ስደተኞች ስለሆኑ በስማቸው ማስመዝገብ አልቻሉም፤ ስለዚህ ግቢውን የገዙት በመንገዱ ማዶ ባለው ባለሱቅ፣ በሉጥፊ ስም ነው። እውነተኞቹ ባለቤቶች ሦስቱ እንደሆኑ ሉጥፊ የፈረመበት አንድ ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት ከሌለ የእሷ ስድስት ዓመት የለም።

አራት ሰዎች ሬሳውን ሲያነሡ አየነው ተንበረከከ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ሊጥ ነው፤ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ግቢው በሙሉ ሊጥ ሆኗል። ባንታምላክ የተኛበት ቦታ ግን በሰው ቅርጽ ደረቅ እንደሆነ ቀርቷል። አየነው ጣቱን ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ አወጣ፤ አቧራ ነበር። የሟቹ ደረት እንደራሰ ነው፤ ጀርባው ደረቅ። ጭንቅላቱ ባረፈበት የመሠረት ድንጋይ ላይ ደም ረግቷል።

ከዚያ ወደ መሰላሉ ሄደ። የመሰላሉ ሁለት እግሮች ጭቃው ላይ የጥፍር ያህል ብቻ ገብተዋል። የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። መሰላሉ ሲጥ አለና ስንዝር ያህል ሰመጠ። ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

በግቢው ጥግ ሲሚንቶ ተከምሮ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ዳር ዳሩን ጡብ ተጭኖታል። አየነው ብቻውን ሄዶ፣ አንዱን ጡብ አንሥቶ ራሱን ወደ ውስጥ አስገባ። ትንሽ ቆየ። ፕላስቲኩን እንደነበረ መልሶ ወደ ማኅደር መጣ።

«ይህ ሲሚንቶ መቼ መጣ?»

«እኔም አሁን ነው የማየው። ቅዳሜ ይመጣል ነበር የተባለው፤ ነገ።»

«ስንት ነበር ያላችሁ?»

«አሥር ከረጢት። ባለፈው እሑድ ሦስታችን ተቀምጠን ነው የተስማማን። ለአንድ ክፍልና ለበረንዳ።»

«ትናንት ዝናቡ ሲመጣ የት ነበርሽ?»

«ሞቀፍ፣ አውቶቡስ ተራው ላይ፣ ሻዬን ስሸጥ። ከጓደኛዬ ከሲሃም ጋር የአውቶቡስ ትኬት ቤቱ በረንዳ ሥር ተጠለልን፣ እስኪመሽ።»

«ሲሃም ትመሰክራለች?»

«አያ አየነው! እኔን ነው እንዴ?»

«አንቺንም ነው» አለ፤ ድምፁ አልከረረም። «ሳጥኑን አንቺ ነሽ የገለበጥሽው?»

ፊቷ ጋለ። ያወቀው ሰምቶ ሳይሆን ዱካዋን አይቶ ነው፤ የጫማዋ ጭቃ እስከ ክፍሉ ድረስ ታትሟል።

«ተገልብጦ አገኘሁት። በልጄ እምላለሁ።»

«ጀናቡ» አለ አየነው ወደ ረድዋን ዞሮ። «ጣሪያ ሊጠግን የወጣ ሰው ሳጥኑን አይበረብርም። እስከ ሶላት ጊዜ ስጠኝ። ካልሆነ ‹አደጋ› ብለህ ጻፍ፤ እኔም አስተርጓሚ ሆኜ እፈርማለሁ።»

ረድዋን ሰዓቱን አየ። «ሁለት ሰዓት አለህ» አለ።

*

ሉጥፊ ስድሳን የተሻገረ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሱቁ በር ላይ ማኅደርን፣ አየነውንና ረድዋንን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር ጠረገ።

«አላህ ይርሐሙ። ወንድሜ ነበር» አለ።

«ሉጥፊ ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ወረቀቱ የት ነው?» አለው አየነው።

ባለሱቁ መነጽሩን አውልቆ በጀለቢያው ጫፍ መወልወል ጀመረ። ወለወለ፣ ወለወለ።

«የቱ ወረቀት?»

ማኅደር ወደ ሉጥፊ ተጠጋች። «የፈረምክበት ነዋ! ሦስታችንም ፊት! የገዛ እጅህ!»

«ልጄ፣ ዛሬ ስለ ወረቀት አታንሺብኝ» አለ፤ አላያትም።

ረድዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ንቁ ሆነ። «ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በእኔ።»

«እንግዲያ በሰውዬው ሞት የሚያተርፍ ሰው አገኘን። ያውም ወንበር የሚጠርግ።»

ሉጥፊ አልተቆጣም። «ጀናቡ፣ ያየሁትን ልንገርህና ከዚያ እሰረኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የኻርቱም ነጋዴ መጥቶ ‹የገዛሁትን ቤት ልይ› አለኝ። ይህን ግቢ ነው የሚያሳየኝ። ለሐበሾቹ ባለቤቶች በደላላ በኩል ቀብድ ከፍያለሁ አለ። ለየትኛው ብለው አያውቅም፤ ደላላው ነው የወሰደው። ለባንታም ነገርኩት። ሳሙና ሊገዛ ነበር የመጣው፤ ሳሙናውን ሳይገዛ ሄደ።»

«ትናንትስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የዛኪር ካሮ፣ የአህያ ጋሪው፣ ሲሚንቶ ጭኖ ሲገባ፣ ባዶውን ሲወጣም አየሁ። ያን ጊዜ ባንታም በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሌላ አላየሁም፣ ወላሂ።»

ይህን ሲል አንድ ራክሻ ከሱቁ ፊት ቆመ። ይልቃል ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ወረደ። ማኅደርን ሲያይ ቦርሳውን ጥሎ አቀፋት።

«ሞቀፍ ላይ ነው የሰማሁት! እውነት ነው? ማኅደር፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለችው፤ አሁን ገና እንባዋ መጣ።

አየነው እስኪረጋጉ ጠበቀ። «ከየት ነው የመጣህ፣ ይልቃል?»

«ከሾዋክ። ረቡዕ ነው የሄድኩት፣ የስደተኛ ወረቀቴን ላሳድስ። ዛሬ ጠዋት ተሳፍሬ መምጣቴ ነው።» በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። «ያ ምስኪን! ራክሻ እንኳ ሳይሳፈር፣ በየቀኑ ፉል በዳቦ፣ በየቀኑ! ለምን? ለሰባት ከረጢት ሲሚንቶና ለቆርቆሮ ዕድሜውን ጨረሰ! ስንቴ ነገርኩት፤ ትንሽ ብላ፣ ትንሽ ልበስ አልኩት።»

«አንተ ግን ለብሰሃል» አለ አየነው፣ ወደ እግሩ እያየ። «ጫማው አዲስ ነው?»

ነጭ ስፖርት ጫማ ነበር፤ በደንብ ታጥቧል። ይልቃል እግሩን ሰበሰበ። «ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«ባንታምላክ አይቶታል?»

«አየው እንጂ። ‹ስንት ቀን ምሳህን ነው እግርህ የበላው?› አለኝ።»

ሁሉም ፈገግ አሉ፤ ሉጥፊ እንኳ። አየነው ግን ከጫማው ስፌት ላይ ዓይኑን አላነሣም። ማኅደር በጫማው ዋጋ የሚታዘበው መስሏት በይልቃል ፈንታ አፈረች።

*

ከሶላቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀር አየነው ሁሉንም ወደ ግቢው አስገባቸው። ረድዋን ሁለት ፖሊሶቹን በሩ ላይ አቆመ። ሰንሰለቱን ከኪሱ አውጥቶ ሉጥፊን ያያል። ማኅደር ከጡቡ ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ይልቃል ከጎኗ ቆመ።

«ጀናቡ፣ በዐረብኛ ነው የምናገረው» አለ አየነው። «ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ መሰላሉን ተመልከት። ያ የሰመጠው እግር እኔ ጠዋት የቆምኩበት ነው። ከመቆሜ በፊት ግን የጥፍር ያህል ነበር የገባው። በዚህ ጭቃ ላይ ማንም አልወጣበትም። መሬቱ ከራሰ በኋላ መጥቶ የተደገፈ ባዶ መሰላል ነው።»

ረድዋን አንገቱን ነቀነቀ።

«ሁለተኛ፣ ከሬሳው ሥር መሬቱ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ባንታምላክ የወደቀው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ያላፈሰሰ ጣሪያ ሊጠግን የሚወጣ የለም። እንግዲህ አንድ ሰው እዚህ ድንጋይ ላይ ጣለው፣ ሳጥኑን በረበረ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ መሰላሉን አቆመለት።»

«እሱም ቤቱ በስሙ የሆነው» አለ ረድዋን።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ከዚያ ሲሚንቶውን አየሁት።» አየነው ወደ ጥጉ ሄዶ ፕላስቲኩን በሙሉ ገለጠ። «ቅረቡ። የላይኞቹ ከረጢቶች ላይ ነቁጥ ነቁጥ ይታያችኋል? የዝናብ ጠብታ ነው፤ በመሸፈኛው ሥር ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሲሚንቶው የተሸፈነው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባንታምላክ ሞቶ ተኝቷል። እሱ አልሸፈነውም።»

ማኅደር አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እንግዲህ ሰውየው ባንታምላክን ጥሎ በዚህ ግቢ ውስጥ ሲበረብር ዝናቡ መጣ። ሬሳውን ዝናብ እየመታው እሱ ሮጦ ሲሚንቶውን ሸፈነ፤ ነፋስ እንዳይገልጠውም ዳር ዳሩን ጡብ ጫነበት። ሌባ ይህን አያደርግም። ሉጥፊም አያደርግም፤ ሲሚንቶው የእሱ አይደለም፤ ቢረጥብ ምን ገዶት? ይህን የሚያደርግ ለእያንዳንዱ ከረጢት ከምሳው የከፈለ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

ማኅደር የሁሉም ዓይን ሲያርፍባት ተሰማት። ከጡቡ ክምር ላይ ተነሣች።

«ማኅደርን ጠየቅኋት» ቀጠለ አየነው። «ስንት ከረጢት ብላት አሥር አለችኝ። ሦስቱ የተስማሙት አሥር ነው። አሁን ቁጠሩ።»

አንዱ ፖሊስ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። «ሰባት።»

«ሰባት። ባንታምላክ ትናንት ሱቅ ሄዶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ቀንሶ፣ ቀኑንም አቅርቦ ገዛ። ስልክ የለም፤ ለማንም ሊናገር አልቻለም። ከሻጩና ከካሮ ነጂው ሌላ ይህን ቁጥር የሚያውቅ፣ እዚህ ቆሞ የሸፈነው ሰው ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ብቻዬን ቆጥሬ መልሼ ሸፈንኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።» ወደ ይልቃል ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ «ከሾዋክ የመጣኸው ልጅ፣ ‹ሰባት› ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?» አለው።

የይልቃል ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «አፌ ላይ የመጣ ነው። ዝም ብሎ ቁጥር ነው።»

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«አጥበኸዋል፤ ጥሩ አድርገህ። ስፌቱ ውስጥ ያለው ግራጫ ግን አልለቀቀም። ጭቃ ቢሆን ይታጠብ ነበር። ውሃ የነካው ሲሚንቶ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው።»

ይልቃል እግሩን አየ። ሁሉም አዩት። ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ ተሰማ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቀብዱን በላሁት» አለ በመጨረሻ፤ ቁጭ ብሎ ነበር። «ለስልክ፣ ለጫማ፣ ለጓደኛ ሠርግ... እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ነጋዴው ወረቀቱን አምጣ ወይ ገንዘቤን አለ፤ ሰው ላከብኝ። ባንታምን ወረቀቱን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ ጋ የለም አለኝ። የዋሸኝ መሰለኝ። ‹የነጋዴውን ነገር ስሰማ ጫማህ ነው ትዝ ያለኝ፤ ተቀመጥ፣ እንነጋገር› አለኝ።»

«ተቀመጥክ?»

«አልተቀመጥኩም። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት፣ አያ አየነው። አንድ ጊዜ!»

«ሲሚንቶውንስ?»

ይልቃል ጥያቄው ያልገባው ይመስል ቀና አለ። «እንጃ» አለ። «ጠብታው ሲወርድ እጄ ራሱ ሄደ። እሱ ነው እንዲህ ያስለመደን።»

ረድዋን ሰንሰለቱን ሲያስገባለት ሉጥፊ ወደ ማኅደር መጣ። ከጀለቢያው ውስጥ የታሸገ ፖስታ አወጣ።

«አማና ነው፣ አደራ» አላት። «ባንታም ትናንት ከሲሚንቶ ሱቁ ሲመለስ ሰጠኝ። ሦስቱ አብረው ካልመጡ አትስጥ አለኝ። ጠዋት ሞተ ሲሉኝ፣ ከሁለታችሁ ቀብድ የበላው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። አለ ብል ለገዳዩ ማቀበሌ ነው። ስለዚህ የለም አልኩ። አንቺን አስለቀስኩ፤ ይቅር በይኝ።»

ማኅደር ቀደደችው። ወረቀቱ ነበር፤ የሉጥፊ ፊርማ፣ የሦስቱ ስም። በውስጡ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ የገንዘብ ጥቅል፣ ከላዩም በባንታምላክ የተጣመመ እጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት። ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹የሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ። ለይልቃል ቀብድ መመለሻ መጀመሪያ ይሁን። በረንዳው ይቆይ።›»

ይልቃል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ የበሩ ጭቃ ላይ ቀረ፤ ማንም አላነሣውም።

*

ባንታምላክ የተቀበረው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሀዋታ መምጣት የቻሉ ጥቂት አጫጆች፣ ሉጥፊና ሲሃም ነበሩ። አየነው ከቀብር ሲመለስ ማኅደርን እስከ ግቢው በር ሸኛት።

«ሲሃም ጋ እደሪ» አላት።

«እሄዳለሁ። ልብሱን ልሰብስብና።»

ብቻዋን ገባች። ወረቀቱን በደረቷ ይዛለች። የቤቱ ሲሶ የእሷ ነው፤ ወረቀቱ ይመሰክራል፤ የሟቹን ድርሻ በዚህ ዓመት ለእናቱ መላክ ይኖርባታል፤ ክፍሉም ይሠራል፤ በረንዳው ይቆያል። ይህን ሁሉ በዚያው በባንታምላክ ድምፅ ነበር የምታስበው። የተበተኑትን ሸሚዞች አጠፈች። ጋቢውን ይዛ ወጥታ፣ ያ ደረቁ ቦታ ላይ፣ የሰው ቅርጽ ባለው መሬት ላይ ልታነጥፈው ጎንበስ አለች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ ብቻ ባዶውን ማየት አልቻለችም።

የመጀመሪያዋ ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈች። ከዚያ ሁለተኛዋ።

ቀና ስትል አየነው የገለጠው ፕላስቲክ እንደተገለጠ ነበር። ጋቢውን ጣለችና ሮጠች። ፕላስቲኩን ጎትታ አለበሰችው፤ አንድ ጡብ፣ ሁለት ጡብ፣ ሦስተኛውን አንሥታ እንደያዘች ቆመች።

ወደ ኋላዋ ዞረች። ዝናቡ በረታ። የባንታምላክ ቅርጽ ጭቃ ሆኖ ከቀሪው ግቢ ጋር ሲመሳሰል፣ ጡቡን በሁለት እጇ ይዛ አየችው።